የቢላው እጀታ ሲላቀቅ

ከአሮጌ ባሌስትራ (ከመኪና ሥር ያለ የሞላ ብረት) ቢላ የሚሠራ ሰው ብረቱን በጥንቃቄ ይዞ እጀታው ላይ ይቸኩላል። በኋላ ብረቱን ከሁለት ጎን ያቀፈው እንጨት ሲላቀቅ ማጣበቂያውን ይረግማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው ማጣበቂያው ሳይከፈት በፊት ነው።

በእንጨቱና በብረቱ መሀል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት መጣ

ዋናው በሽታ ይሄ ነው። መጀመሪያ እንጨቱ ከውስጥ በኩል ጠፍጣፋ መሆኑን እዩ። ዓይን ያታልላል። መስታወት ላይ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንጥፉ። የእንጨቱን የውስጥ ፊት በእርሳስ ሞነጫጭሩትና ወረቀቱ ላይ እሹት። መሀሉ ላይ እርሳሱ ከቀረ ጎድጉዷል ማለት ነው፤ ሁሉም እስኪጠፋ ቀጥሉ። ከዚያ ብረቱ ላይ ግጠሙና ወደ ፀሐይ አንሱት። ብርሃን ካሾለከ ሥራው ገና ነው።

ቅባትም ሊሆን ይችላል። እንደ መስታወት የተወለወለ ወይም ላብ የነካው ብረት ኢፖክሲ (ከሁለት ቱቦ የሚቀላቀለውን ማጣበቂያ) አይዝም። በብርጭቆ ወረቀት ጫሩት፣ በአሴቶን ጥረጉት፣ ከዚያ በጣት አትንኩት። ሞርሳውንም ከልክ በላይ አታጥብቁ። ማጣበቂያው ተጨምቆ ይወጣና መሀሉ ደረቅ ይቀራል። በጠርዙ ዙሪያ እንደ ላብ ብቅ ካለ በቂ ነው።

ክፍተቱ ውስጥ ሱፐር ግሉ ማፍሰስ ልፋት ብቻ ነው። ሪቬቱን፣ ማለትም እንጨቱንና ብረቱን አልፎ የያዛቸውን ሚስማር፣ በትራፓኖ አውጡና እንጨቱን ንቀሉ። እምቢ ካለ እጀታውን ብቻ የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ማጣበቂያው ይለሰልሳል። እሳት ላይ ግን እንዳትይዙት፣ የስለቱ ጥንካሬ አብሮ ይሄዳል።

ከወራት በኋላ የብረቱ ጠርዝ እጅ መቧጠጥ ጀመረ

ብረቱ አላደገም፤ እንጨቱ ነው የሸሸው። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚያ በደንብ ሳይደርቅ የተቆረጠ ወይራ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ የድሬን ሙቀት ሲያገኝ ውሃው ይመጠጣል፣ እንጨቱም ይኮማተራል። አሁን ብረቱን ከእንጨቱ ጋር እኩል እስኪሆን ሞርዱት። ለሚቀጥለው እንጨቱን ሰንጥቃችሁ ቤት ውስጥ አቆዩ፣ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። መቅለሉን ሲያቆም ደርቋል።

ሪቬቱ አልገባ አለ፣ በመዶሻ ሲመታ እንጨቱ ተሰነጠቀ

ቀዳዳዎቹ አልተገጣጠሙም። አንዱን እንጨት ብረቱ ላይ አስራችሁ በብረቱ ቀዳዳ በኩል ብሱ፣ ሪቬቱን ክተቱበት፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ እለፉ። ሌላውንም ጎን እንዲሁ። ሪቬቱ በእጅ መግባት አለበት። የተሰነጠቀው እንጨት አይድንም፣ ቀይሩት።

ማጣበቂያው ቶሎ ጠጠረ ወይም ጭራሽ አልደረቀም

አንድ ቀን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በእኩለ ቀን፣ የ5 ደቂቃውን ኢፖክሲ ክዳን ውስጥ በጠበጥኩት። አንዱን ጎን ቀብቼ ወደ ሌላው ስዞር ማደባለቂያው ስንጥር ክዳኑ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ሙቀት ያፋጥነዋል። አሁን የምሠራው ንጋት ላይ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን እገዛለሁ፣ 24 ሰዓትም አልነካውም። በማግስቱ አሁንም የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ሁለቱ ቱቦዎች በልካቸው አልተቀላቀሉም። ማድረቂያ መጨመር አያድነውም፤ ፍቃችሁ ድገሙት።

የእንጨቱ የፊት ጫፍ ሻካራ ሆኖ ቀረ

ከተጣበቀ በኋላ ሊለሰልስ ሲሞከር ስለቱ ይጫራል። ያንን ጫፍ ሳታጣብቁ በፊት ጨርሱት። ወደ ስለቱ የፈሰሰውን ማጣበቂያም ሳይደርቅ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉት።