የአማርኛ መጽሐፍ ለኅትመት ሲዘጋጅ፦ የፎንትና የፕሪንተር ቅንብር

ስክሪን ላይ ያማረው ገጽ ወረቀት ላይ ሲወጣ ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ፣ አንቀጹም ከቦታው ሸሽቶ የሚገኝበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ፋይሉ ሄዷል፣ ፎንቱ ግን ቤት ቀርቷል። የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞቹ ኢንዲዛይንም ሆነ ስክራይበስ ፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጡት የፎንቱን ስም እንጂ ፎንቱን ራሱን አይደለም። ፋይሉን የሚከፍተው ኮምፒውተር በዚያ ስም የተጫነ ፎንት ካጣ ሌላ ይተካል። በላቲን ጽሑፍ ላይ መተካቱ መልኩን ያበላሻል፤ በአማርኛ ላይ ግን ጽሑፉን ራሱን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ፕሪንተሩን ከመንካታችሁ በፊት ፎንቱን አስተካክሉ።

ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው ወይስ የድሮ?

ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ቪዥዋል ግዕዝንና ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ነው፤ አማርኛ ያስመሰለው ፎንቱ ብቻ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ቅርጽ 231 ይሆናሉ። ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ በአንድ ፎንት 256 ቦታ ውስጥ አይበቁም። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ ገጣጠመ። የድሮ ጽሑፍ ፎንቱ ሲለወጥ ትርጉም የሌለው የላቲን ዝርክርክ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መለያው ቀላል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ቅዱና ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ላቲን ሆኖ ከወጣ የድሮ ነውና ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። የፎንቱን ስም አይታችሁ አትፍረዱ፤ አንዳንዱ ፕሮግራም የድሮና የዩኒኮድ ፎንት በተቀራራቢ ስም ያወጣል።

መለወጫ ስትመርጡ ጽሑፉ የተጻፈበትን ፎንት በስም የሚያውቅ ይሁን፤ የአንዱ ፕሮግራም የፊደል ቦታ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ከለወጣችሁ በኋላ በቅድሚያ የሚፈተሹት ዲቃሎቹ ናቸው፤ ቈ፣ ኰ፣ ጐ፣ ቋ፣ ሟ፣ ሏ። ቀጥሎ የግዕዝ አኃዝና ትምህርተ ጥቅስ። ስሕተት ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው እዚህ ነው።

አራት ነጥብ ሁለት ሁለት ነጥብ አይደለም

ይህ ትንሽ ቢመስልም የአማርኛ ኅትመትን ከምንም በላይ የሚያቆሽሽ ነገር ነው። ብዙ ጸሐፊ «።» ለማስገባት ሁለት ጊዜ «፡» ይመታል፤ ሌላው የላቲኑን «:» ሁለት ጊዜ ይመታል። ዓይን ቶሎ አይለየውም፤ ፕሮግራሙ ግን ሁለት ምልክት ነው የሚያየው። መስመሩ ሲሞላ አንዱን ከላይ ትቶ ሌላውን ወደ ታች ሊያወርደው ይችላል፤ ከዚያ በ«፡» የሚጀምር መስመር ታገኛላችሁ። የላቲኑ ከሆነ ደግሞ ነጥቡ ከፊደሉ ጋር የማይመጣጠን ደቃቃ ይሆናል።

ጽሑፉን ገጽ ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት በ«ፈልገህ ተካ» (ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ) በዚህ ቅደም ተከተል አጽዱት። መጀመሪያ ሁለቱን የላቲን «::» በ«።» ተኩ። ቀጥሎ «፡፡»ን በ«።» ተኩ። ከዚያ ከ«።»፣ ከ«፣» እና ከ«፤» በፊት የገባውን ባዶ ቦታ አጥፉ፤ ካልጠፋ ምልክቱ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል። ነጠላውን የላቲን «:» ግን በጅምላ አትተኩ። ሰዓትና የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍና ቁጥር የሚጻፉት በእሱ ስለሆነ አንድ በአንድ እያያችሁ ብቻ ለውጡ።

ፎንት መምረጥና መጫን

ለመጽሐፍ ገላ (ለዋናው ጽሑፍ) አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ጥሩ ምርጫ ነው። ሁለቱም በክፍት ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ ከፋይሉ ጋር ለማተሚያ ቤት መላክም ሆነ ፒዲኤፍ ውስጥ ማስገባት አያስጠይቅም። ልዩነታቸው ውፍረት ላይ ነው። አቢሲኒካ አንድ ውፍረት ብቻ አለው፤ ኖቶ ከስስ እስከ ጥቁር ድረስ ብዙ አለው። አቢሲኒካን መርጣችሁ ወርድ ወይም ፐብሊሸር ላይ ቦልድ ብትጫኑ፣ ፕሮግራሙ ፊደሉን በራሱ ያወፍረዋል። እንዲህ በግድ የወፈረ ፊደል ወረቀት ላይ ቀለም ሲጠጣ የመ፣ የዐና የፀ ቀዳዳ ይደፈናል። ርእስ ለማድመቅ የራሱ ቦልድ ያለውን ፎንት ተጠቀሙ፣ ካልሆነ መጠኑን ጨምሩ። ኢታሊክን ተዉት፤ ፊደላችን ጋደም ብሎ የመጻፍ ልማድ የለውም፣ ፕሮግራሙ የሚያደርገውም ማዝመም ብቻ ነው።

የገላ ጽሑፍ ከ10 እስከ 12 ነጥብ፣ የመስመር ርቀቱ ደግሞ ከፊደሉ መጠን ከ1.3 እስከ 1.5 እጥፍ ቢሆን ለዓይን ይመቻል። ፊደላችን ቁመታም ስለሆነ በእንግሊዝኛ ልክ የተጠጋጋ መስመር ያፍናል።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ፎንት ስትጭኑ በቀኝ ጠቅ አድርጉና «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ» የሚለውን ምረጡ። ዝም ብላችሁ ከጫናችሁ ፎንቱ የሚቀመጠው በእናንተ አካውንት ማኅደር ውስጥ ነው፣ አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ እዚያ አይፈልግም። ኒያላ ዊንዶውስ ላይ ለዓመታት የነበረ ፎንት ቢሆንም ዊንዶውስ 10 ላይ አማራጭ ሆኗል። በእሱ የተሠራ የቆየ ፋይል ፎንት አጣሁ ካላችሁ በሴቲንግስ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ የኢትዮጵያ ፎንቶች ጥቅልን ጨምሩ። ማክ ላይ «ፎንት ቡክ» የተደገሙ ፎንቶችን ያሳያል። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ስሪቶች አብረው ከተጫኑ አንዱን አስወግዱ። የስሪት ልዩነት የፊደሉን ስፋት በትንሹ ሲለውጥ መስመሩ ይፈስሳል፣ 200 ገጽ የነበረው መጽሐፍ 203 ሊሆን ይችላል፣ ማውጫውም ይሳሳታል።

ስክራይበስ አዲስ ፎንት ካላሳየ ዘግታችሁ ክፈቱት። የፎንት ማኅደር በምርጫዎቹ ውስጥ መጨመር የሚቻለው ምንም ዶክመንት ሳይከፈት ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው አማራጩ ደብዝዞ ሲያየው ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስለዋል።

ፋይሉን ከነፎንቱ መላክ

ኢንዲዛይን የጎደለ ፎንት ያለበትን ጽሑፍ በሮዝ ቀለም ያሰምርበታል። «ታይፕ» ከሚለው ዝርዝር «ፋይንድ ፎንት»ን (በአዲሶቹ ስሪቶች «ፋይንድ/ሪፕሌስ ፎንት») ክፈቱና አንድም የጎደለ እንዳይቀር ተኩ። ከዚያ «ፋይል» ውስጥ «ፓኬጅ»ን ስትጫኑ ሰነዱን፣ ፎንቶቹንና ምስሎቹን በአንድ ማኅደር ይሰበስብላችኋል። «ዶክመንት ፎንትስ» የሚለው ንዑስ ማኅደር ከሰነዱ ጎን እስካለ ድረስ ፎንቶቹ ሳይጫኑ ይሠራሉ፤ ስሙን አትለውጡ። ስክራይበስ ላይ ይህን የሚሠራው «ኮሌክት ፎር አውትፑት» ነው። የፐብሊሸር ተጠቃሚዎች ቀድመው ያስቡበት፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን በጥቅምት 2026 እ.ኤ.አ. እንደሚያቆም አስታውቋል።

ማተሚያ ቤት ግን የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፉን «ኤክስፖርት» ብላችሁ አውጡ እንጂ በ«ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» አታውጡ፤ ያኛው ትርፍ ጠርዙን (ብሊድ፣ ወረቀቱ ሲከረከም የሚጣለውን ተጨማሪ ጠርዝ) ይቆርጥና የወረቀቱን መጠን በራሱ ይወስናል። ፒዲኤፍ/ኤክስ-1ኤ የሚለውን ቅንብር ምረጡ። ይህ ደረጃ ሁሉም ፎንት ውስጡ እንዲገባ ያስገድዳል፣ ቀለሙንም ወደ አራቱ የኅትመት ቀለሞች (ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) ይለውጣል። ስክራይበስ ላይ አማራጩ የሚመጣው የቀለም ማኔጅመንት ሲበራ ብቻ ነው። ትርፍ ጠርዝ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ይሁን፤ 148 በ210 የሆነው ኤ5 ገጽ 154 በ216 ይሆናል ማለት ነው።

ፒዲኤፉ እንደወጣ በአክሮባት ሪደር ከፍታችሁ ኮንትሮልና ዲ ተጫኑ፣ «ፎንትስ» የሚለውን ገጽ እዩ። ከእያንዳንዱ ፎንት ስም ጎን «ኢምቤድድ» (ፎንቱ ውስጡ ገብቷል) ወይም «ኢምቤድድ ሰብሴት» (የተጠቀማችሁባቸው ፊደላት ብቻ ገብተዋል) መባል አለበት። አንዱ እንኳ ከጎደለው አትላኩት። ምክንያቱ የፎንቱ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ላይ የፎንቱን ፋይል «ፕሮፐርቲስ» ከፍታችሁ በ«ዲቴልስ» ውስጥ ኢምቤድ መደረጉ የተከለከለ መሆኑን እዩ፤ ከተከለከለ ፎንቱን ለውጡ። ፊደሉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ለሽፋን ርእስና ለአርማ ይሆናል። ለገላ ጽሑፍ ግን ትንንሹን ፊደል ያወፍረዋል፣ እርማትም ይከለክላል።

የጽሑፉ ቀለም ጥቁር ብቻ፣ 100 በመቶ ይሁን። ከወርድ የመጣ ጥቁር የስክሪን ቀለም ስለሆነ ሲለወጥ ከአራቱም ቀለም ይቀላቀላል፤ ፕሌቶቹ (የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳዎች) በጥቂቱ ሲዛነፉ ፊደሉ ባለቀለም ጥላ ይይዛል። ኢንዲዛይን ላይ «ሬጂስትሬሽን» የሚባለውን ቀለም ለጽሑፍ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ በአራቱም ፕሌት ላይ ሙሉ በሙሉ ይወጣል።

የቢሮ ፕሪንተር ላይ መሞከር

ሰነዱ ላይ ልክ 100 ሚሊሜትር የሆነ መስመር ሥሩና አትማችሁ በማስመሪያ ለኩት። 97 ከሆነ አክሮባት ሪደር ገጹን ከወረቀቱ ጋር በሚያመጣጥነው «ፊት» (Fit) ላይ ነው፤ «አክቹዋል ሳይዝ» ላይ አድርጉት። ቀጥሎ የወረቀቱን መጠን እዩ። ከአሜሪካ የሚመጣ ፋይል ብዙ ጊዜ ሌተር ነው፣ 216 በ279 ሚሊሜትር። ኤ4 ደግሞ 210 በ297 ነው። የኤ4 ገጽ በሌተር ወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠኑ መሐል ላይ ሲታተም ከላይና ከታች 9 ሚሊሜትር ይቆረጣል፤ የገጽ ቁጥሩ የሚጠፋው ያኔ ነው። በተቃራኒው ሌተር የተባለ ፋይል ኤ4 ብቻ ወዳለበት ፕሪንተር ሲላክ ማሽኑ ወረቀት ጠይቆ ሊቆም ይችላል። መጠኑ በሰነዱ፣ በሕትመት መስኮቱና በፕሪንተሩ ትሪ ላይ፣ በሦስቱም ቦታ አንድ መሆን አለበት።

በሁለት ገጽ ስታትሙ ለቁም ገጽ «ሎንግ ኤጅ»፣ ኤ4 መሐል ላይ ታጥፎ ለሚሠራ ኤ5 ቡክሌት «ሾርት ኤጅ» ምረጡ፤ ከተገላበጠ የጀርባው ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። የቡክሌት ገጽ ብዛት ለ4 የሚካፈል ይሁን። 32 ገጽ 8 ኤ4 ወረቀት ይወስዳል። ለማተሚያ ቤት ግን ገጾቹን ራሳችሁ አታጣምሩ፤ ነጠላ ነጠላ አድርጋችሁ ላኩ፣ ድርድሩን በማሽናቸው ልክ እነሱ ይሠሩታል።

ስክሪን ላይ ደህና የሆነ ፒዲኤፍ ወረቀት ላይ ሣጥን ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ የሚያገናኘው ፕሮግራም) ጋ ነው። በፖስትስክሪፕት ድራይቨር የላቁ ቅንብሮች ውስጥ ትሩታይፕ ፎንት በፕሪንተሩ ፎንት እንዲተካ ተደርጎ ከሆነ ፎንቱን ራሱን ወደ ፕሪንተሩ ወደሚልከው «ሶፍትፎንት» ለውጡት። ካልተፈታ በሪደሩ «አድቫንስድ» ውስጥ «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ»ን አብሩ። ቀስ ይላል፣ የፊደሉም ጠርዝ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ለቢሮ ሙከራ ብቻ ይሁን። ቶነር ቆጣቢውንም አጥፉ፤ ቀጭኑን የፊደል መስመር ስለሚበጣጥስ ፎንቱ የተበላሸ ያስመስላል።

ከማተሚያ ቤቱ የሙከራ ቅጂ ሲመጣ ከላካችሁት ፒዲኤፍ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ የእያንዳንዱን ገጽ የመጨረሻ መስመር አወዳድሩ። የመጨረሻው ቃል አንድ ከሆነ መስመሩ አልፈሰሰም። በአንድ ገጽ ላይ እንኳ ከተለያየ ሳትፈርሙ መልሱት።