ከጅዳ የተላከውን የጉልበት ኪኒን ከመጀመርዎ በፊት

ደሴ ላይ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ጉልበትን የሚፈትነው ግን ቁልቁለቱ ነው። ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ የቁልቁለቱን ስሞታ በየቀኑ እሰማለሁ። ከስሞታው ጋር አብሮ የሚመጣ ነገርም አለ፦ ልጅ ከጅዳ ወይም ከዱባይ የላከችው ትልቅ ብልቃጥ። ላዩ ላይ ግሉኮሳሚን ይላል።

መጀመሪያ ሕመሙን እንለይ። ቁርጥማት ሁሉ አንድ አይደለም። ይህ ኪኒን የሚሸጠው ለኦስቲኦአርትራይተስ ነው፤ የመገጣጠሚያው ልም አጥንት ሲሳሳ ለሚመጣው። ሲሄዱ ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል፣ ጠዋት ይተሳሰርና ብዙም ሳይቆይ ይፍታታል። ጉልበትዎ ቀልቶ ካበጠና ከጋለ ግን፣ ወይም ትኩሳት ካለዎት፣ ብልቃጡን ይተዉትና ሐኪም ቤት ይሂዱ።

አሁን ብልቃጡን ያዙሩት። ፊት ለፊት ያለው ማስታወቂያ ነው፤ ቁም ነገሩ ጀርባው ላይ ነው። የተለመደው የቀን መጠን 1500 ሚሊግራም ግሉኮሳሚን ነው። ፊቱ ላይ 1500 ብሎ በትልቁ ይጽፍና ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል «በሦስት ፍሬ» ይላል። በቀደም ከኮምቦልቻ የመጡ እናት «ልጄ፣ በቀን አንድ እየዋጥኩ ነው፣ ጠብ ያለልኝ ነገር የለም» አሉኝ። አገላብጬ አየሁት፤ አንዱ ፍሬ 500 ነው። ለካ የሚወስዱት ሲሶውን ኖሯል።

ከምን እንደተሠራም ይዩ። ግሉኮሳሚን በብዛት የሚወጣው ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት ነው። የባሕር ምግብ አለርጂ ያለበት ሰው በራሱ አይጀምር። አብሮት የሚገባው ኮንድሮይቲን ደግሞ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከሻርክ ልም አጥንት ሊሆን ይችላል። የካፕሱሉ ሽፋን ጄላቲን ከሆነም እንደዚያው ከእንስሳ ነው። እኛ አገር ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠይቀኛል። ሐላል የሚል ምልክት ይፈልጉ። ለጿሚ ከበቆሎ የሚሠራ ግሉኮሳሚንም አለ።

ከምግብ ጋር ይዋጥ፤ ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል። ሦስት ጊዜ መከፋፈል ግዴታ አይደለም። በረመዳን ካፈጠሩ በኋላ የቀኑን በአንዴ መውሰድ ይቻላል።

ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ግን አይንኩት። በልብ ቫልቭ ችግር ምክንያት ይህን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ብዙ ወጣቶችም አሉ፤ ግሉኮሳሚን ሲጨመርበት ደም የመፍሰስ አደጋው ይጨምራል። ስኳር ያለበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስኳሩን ቶሎ ቶሎ ይለካ። ግፊት ያለበት ደግሞ ጀርባው ላይ ሶዲየም የሚለውን ይይ፤ አንዳንዱ ዓይነት ከጨው ጋር ነው የሚዘጋጀው። ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናት አልሰጥም።

ይሠራል ወይ? ሽያጬን ቢጎዳም እውነቱን ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ 1583 የጉልበት ሕመምተኞች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። ግሉኮሳሚን ከወሰዱት ከመቶ 64ቱ ተሻላቸው። ምንም መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን ከወሰዱትም 60ዎቹ ተሻላቸው። ልዩነቱ ይህችው ናት። ስለዚህ ልጅዎ ከላከችልዎ ይሞክሩት፤ ተበድረው ግን አይግዙ።

ሲሞክሩም መለኪያ ይኑርዎት። እኔ የምመክረው ስግደትን ነው፤ በሶላትም በቤተ ክርስቲያንም ጉልበት እዚያ ላይ አይዋሽም። ከስግደት ሲነሱ ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው? ዛሬ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ይጻፉት፤ በየሳምንቱ ይድገሙት። በቀናት ውስጥ ለውጥ አይጠብቁ። ሦስት ወር ሞልቶ ቁጥሩ ካልወረደ ያቁሙ።

በሁለት ቀን ተአምር የሠራ «ተፈጥሯዊ» ኪኒን ካጋጠመዎት ደግሞ ይጠርጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር አርትሪ ኪንግ በሚባለው ውስጥ ሳይጻፍበት ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታሶን አግኝቶ አስጠንቅቋል። የመጀመሪያው የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ስቴሮይድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ወስደውት ድንገት ማቆሙ ራሱ አደጋ አለው። እንዲህ ያለ ነገር ሲወስዱ ከቆዩ ብልቃጡን ይዘው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ስለ እርድም ይጠይቁኛል። አልጫ ውስጥ የምንጨምረው ለጣዕም ይበቃል፤ ለቁርጥማት ይረዳል የሚባለው ኩርኩሚን የተባለ ንጥረ ነገር ግን እርድ ውስጥ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። በካፕሱል የሚመጣውን ዋርፋሪን የሚወስድና የሐሞት ጠጠር ያለበት አይውሰደው።

ኪኒኑን ጀመሩም አልጀመሩም የጭን ጡንቻዎን ያጠንክሩ። ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ አንድ እግር ቀጥ አድርገው ያንሱ፣ እስከ አምስት ቆጥረው ያውርዱ፤ በሌላው ይድገሙት። ለጉልበት የሚቀባ የዲክሎፌናክ ጄልም አለ፤ ከሚዋጠው ይልቅ ለጨጓራ ይቀላል። ወደ ታች ሲወርዱ ከዘራ ይያዙ፤ ቀኝ ጉልበት ካመመዎት በግራ እጅ።