ልጅዎ ለብቻው እንዲያነብ መጽሐፉን ራሱ ይምረጥ

ትምህርት በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ልጅዎ ወደ ቤት የሚመለሰው ደክሞት ነው። ስለዚህ ገና ቦርሳውን ሳያወርድ «ዛሬ ምን ተማርክ?» እያሉ አያጣድፉት፤ ይብላ፣ ይረፍ። ንባቡ ከዚያ በኋላ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለ10 ደቂቃ ያህል ቢሆን ይበቃል።

መጽሐፉን ራሱ ይምረጥ። መጽሐፉ ይከብደው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፦ አንድ ገጽ ሲያነብ ለማያውቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ያጥፍ። ገጹ ሳያልቅ 5ቱም ጣቶች ከታጠፉ ለብቻው ለማንበብ ይከብደዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አይከልክሉት፤ እርስዎ ያንብቡለት። አንድም ጣት ካልታጠፈ መጽሐፉ ቀላል ነው፤ ቢሆንም ቀላሉን ደጋግሞ ማንበብ ቅልጥፍናና በራስ መተማመን ስለሚሰጠው «ይህንንማ አንብበኸዋል» ብለው አይንጠቁት። ብዙ ወላጆች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ።

ቃል ሲይዘው ወዲያው አይንገሩት፤ ጥቂት ሰከንዶች ይታገሱት።

ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚያለቅስ ከሆነ ስንብቱን አጭር ያድርጉት። ማን መጥቶ እንደሚወስደው ይንገሩትና ይሂዱ። ሳያይዎት ሹልክ ብሎ መጥፋት ግን በፍጹም አይሆንም፤ በማግስቱ ይበልጥ ይጣበቅብዎታል።