ቴክሳስ ውስጥ ልትመርጡ ስትሄዱ፣ መታወቂያ ላይ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ባለፈው ምርጫ አንዲት እናት ከፊቴ ተሰልፈው ነበር። ተራቸው ሲደርስ በፖስታ የመጣላቸውን የመራጭነት ካርድ በሁለት እጃቸው ዘረጉ። ካርዱ ፎቶ የለውም። ሠራተኛዋ ፎቶ ያለው መታወቂያ ስትጠይቃቸው ፓስፖርቱ ቤት ነበር። "በቃ ይቅር ልጄ" ብለውኝ ወጡ። ዜግነት ለማግኘት ዓመታት የጠበቁ ሰው ናቸው። ሳይመርጡ መመለስ አልነበረባቸውም።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፤ የመራጭነት ካርዱን እንደ መታወቂያ መቁጠር። ቴክሳስ የምትቀበለው ሰባት ዓይነት ነው፦ የቴክሳስ መንጃ ፈቃድ፣ የስቴቱ መታወቂያ፣ ለምርጫ ብቻ በነፃ የሚሰጠው መታወቂያ፣ የሽጉጥ ፈቃድ፣ ፎቶ ያለው የውትድርና መታወቂያ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ እና ፎቶ ያለው የዜግነት ሰርተፊኬት። የተማሪ መታወቂያ የለበትም፤ ኮሌጅ ላሉ ልጆቻችሁ ንገሯቸው። የዜግነት ሰርተፊኬቱ ደግሞ ትልቅ ወረቀት ስለሆነ ብዙ ሰው መታወቂያ አይመስለውም። ይሠራል፤ ጊዜም አያልፍበትም።

"መንጃ ፈቃዴ ጊዜው አልፏል" ብሎ መቅረትም አለ። ከ18 እስከ 69 ዓመት ለሆነ ሰው፣ ካለፈበት 4 ዓመት እስካልሞላው ድረስ ያገለግላል። 70 ዓመት የሞላው ሰው የፈለገውን ያህል ጊዜ ያለፈበት ቢሆንም ይቀበሉታል። እናትና አባታችሁን አስታውሱ።

እኛን ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረን የስም ነገር ነው። ወልደገብርኤል በአማርኛ አንድ ስም ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ወረቀት ላይ ይገጥማል፣ ሌላው ላይ ይለያይና "ወልደ" ሚድል ኔም ሆኖ ይቀራል። አንዱ ቦታ የአባት ስም፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ላስት ኔም ይሆናል። ዛሬውኑ መታወቂያችሁንና የመራጭነት ካርዳችሁን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አወዳድሩ። ስሞቹ ከተቀራረቡ ችግር የለም፤ ያው ሰው መሆናችሁን አረጋግጣችሁ ፈርማችሁ ትመርጣላችሁ። ዜግነት ስትወስዱ ስም ቀይራችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ መንጃ ፈቃድ፣ ከዚያ የመራጭነት ምዝገባው ይስተካከል። መታወቂያው ላይ ያለው አድራሻ የድሮው ቢሆን ችግር የለውም። ምዝገባው ላይ ያለው ግን የአሁኑ ይሁን።

ምንም መታወቂያ የሌለው ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ይሄም ስህተት ነው። ነፃውን የምርጫ መታወቂያ የሚሰጠው ዲፒኤስ፣ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ዜግነትን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይጠይቃል። ነፃ ይባል እንጂ በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ከሥራ መቅረት ገንዘብ ነው፣ መኪና ለሌለው መንገዱም ገንዘብ ነው። በ1964 የጸደቀው 24ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በፌዴራል ምርጫ ለመምረጥ ግብር መክፈልን ከልክሏል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2008 የኢንዲያናን የፎቶ መታወቂያ ሕግ 6 ለ 3 አጽንቶታል። እኔ ከተሸነፉት ሦስቱ ዳኞች ጋር ነኝ። ሕጉ እስካለ ድረስ ግን መውጫውን እንወቅ። መታወቂያ ለማውጣት ያልቻላችሁበትን ምክንያት የምትገልጹበት ቅጽ ነው፤ ስሙ ሪዝነብል ኢምፔዲመንት ዲክላሬሽን ይባላል፤ በስሙ ጠይቁት። ሕመም፣ የሥራ ሰዓት፣ ትራንስፖርት ማጣት፣ የጠፋ ወይም የተሰረቀ መታወቂያ፣ ሁሉም ምክንያት ይሆናሉ። ቅጹን ሞልታችሁ ትፈርማላችሁ፤ የመብራት ሂሳብ፣ የባንክ ስቴትመንት ወይም ያንን የመራጭነት ካርድ ታሳያላችሁ።

መታወቂያ እያላቸው ቤት የረሱት እንደነዚያ እናት ያሉት ደግሞ ሰልፉን ጥለው አይሂዱ። ፕሮቪዥናል ባሎት፣ ማለትም እስኪጣራ በጊዜያዊነት የሚያዝ ድምፅ መስጫ ይጠይቁ። ድምፃቸውን ሰጥተው በ6 ቀን ውስጥ መታወቂያውን ለካውንቲው መዝጋቢ ካሳዩ ይቆጠርላቸዋል። ያን ቀን ይህን ባውቅ እጃቸውን ይዤ እመልሳቸው ነበር።

በፖስታ የምትመርጡ፣ ፖስታው ላይ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ 4 ቁጥሮች ይጠየቃል። ስትመዘገቡ የቱን እንደሰጣችሁ ካላስታወሳችሁ ሁለቱንም ጻፉ። በመጋቢት 2022 ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን በሚለዩበት ምርጫ (ፕራይመሪ) ከ24 ሺህ በላይ የፖስታ ድምፆች ውድቅ ተደርገዋል፤ ዋናው ምክንያት ይሄው ቁጥር ነበር።

ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ "መራጭ ሆነህ መመዝገብ ትፈልጋለህ?" ይላል። እንግሊዝኛው ሲፈጥን "የስ፣ የስ" እያልን የምናልፈው ጥያቄ ነው። መምረጥ የሚችለው ዜጋ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ጋ ቆም በሉና "ኖ" በሉ። በስህተት ተመዝግባችሁ ከሆነ ደግሞ የዜግነት ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።