መምህር ሆናችሁ ለሚኒሶታ ምክር ቤት መወዳደር ብታስቡ ከየት ትጀምራላችሁ?

ሚኒሶታ ውስጥ በሕዝብ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ከጎኔ ባለው ክፍል ባዮሎጂ ታስተምር የነበረች ባልደረባዬ ለስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት ስትወዳደር የዘመቻዋን ገንዘብ ያዥ የሆንኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ከሐበሻ መምህራን፣ ከረዳት መምህራንም ጭምር፣ «እኔስ ብሞክር?» የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። የሚከተለው ስለ ሚኒሶታ ብቻ ነው፤ ሌላ ስቴት የምትኖሩ የየስቴታችሁን ሕግ አጣሩ።

መጀመሪያ መወዳደር መቻላችሁን አረጋግጡ። የአሜሪካ ዜግነት ግዴታ ነው፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ወንበሩን በምትረከቡበት ቀን 21 ዓመት የሞላችሁ መሆን አለባችሁ። ከምርጫው በፊት በስቴቱ አንድ ዓመት፣ በምትወዳደሩበት የምርጫ ክልል ደግሞ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ቤት ለመቀየር ያሰባችሁ ይህን ስድስት ወር ከወዲሁ ቁጠሩ፤ አንድ መንገድ መሻገር ብቻ ከክልሉ ሊያስወጣ ይችላል። ሴኔቱ 67 ክልሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ኤ እና ቢ ተብሎ ለሁለት ስለሚከፈል የተወካዮች ምክር ቤት 134 መቀመጫ አለው። ለጀማሪ የምመክረው የኋለኛውን ነው። ክልሉ ትንሽ ነው፣ ዘመኑም ሁለት ዓመት ነው።

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጨነቀው «ሥራዬን አጣለሁ ወይ?» ብሎ ነው። የሚኒሶታ ሕግ ለትምህርት ዲስትሪክት ሠራተኞች በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ለምክር ቤት የተመረጠ ሰው ለምክር ቤቱ ሥራ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የመውሰድና ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። ችግሩ ያለው የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። የምክር ቤቱ ጉባኤ በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ ተከፍቶ በሜይ ይዘጋል፤ ይህ ማለት ሁለተኛው ሴሚስተር ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል። የምክር ቤት አባል ደመወዝ በ2023 በዓመት 51,750 ዶላር ተደርጎ ተወስኗል። ብዙ ዓመት ያስተማረና ማስተርስ ያለው መምህር ይህን ከራሱ ደመወዝ ጋር አነጻጽሮ ከትዳር ጓደኛው ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገር፤ ይህን ንግግር ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ መጀመር ጭካኔ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙዎቻችን ፖለቲካ የሚጀምረው ስም የምርጫ ወረቀት ላይ ሲወጣ ይመስለናል። እዚህ የሚጀምረው በጥንድ ቁጥር ዓመት፣ ፌብሩዋሪ አካባቢ በሚደረግ የአንድ ምሽት የፓርቲ የሰፈር ስብሰባ ነው፤ ፕሪሲንክት ኮከስ ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚካሄደውም ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በቀጣዩ ምርጫ መምረጥ የሚችል ማንኛውም ሰው መግባት፣ የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ፣ ወደ ፓርቲው የክልል ጉባኤ የሚላኩ ተወካዮችን መምረጥና ራሱም መመረጥ ይችላል። የፓርቲውን ድጋፍ ለማን እንደሚሰጡ የሚወስኑት እነዚያ ተወካዮች ናቸው፤ በዴሞክራቶቹ፣ እዚህ ዲ ኤፍ ኤል በሚባሉት፣ ጉባኤ ድጋፍ ለማግኘት 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ መወዳደር ከምትፈልጉበት ዓመት ሁለት ዓመት ቀድማችሁ እንደ ተራ ተሳታፊ ሂዱ። ወንበር በመደርደር አግዙ። በደንብ የምታውቁትን አንድ ጉዳይ ይዛችሁ አጭር የውሳኔ ሐሳብ ጻፉ፤ ለምሳሌ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የሚመደበውን መምህር ጉዳይ። ባልደረባዬ ድጋፉን ያገኘችው በጉባኤው ቀን ባደረገችው ንግግር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ከዚያ በፊት በስም ያውቋት ነበር።

የመምህራኑን ማኅበር ኤጁኬሽን ሚኒሶታንም አትርሱ። ማኅበሩ ተወዳዳሪዎችን ጠይቆ ድጋፍ ይሰጣል፤ መምህር ስለሆናችሁ ብቻ ግን በራሱ አይመጣም።

ገንዘብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራዬም እሱ ነበር፣ የእኛ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ከ750 ዶላር በላይ ከሰበሰባችሁ ወይም ካወጣችሁ በ14 ቀን ውስጥ በስቴቱ የዘመቻ ፋይናንስ ቦርድ መመዝገብ ግዴታ ነው። ገንዘብ ያዥ ሰይሙ፣ የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ከዚያ በኋላ ሐበሻ እንደ ልማዱ በፖስታ ጥሬ ገንዘብ አድርጎ «ስሜን አትጻፉ፣ ለእግዜር ብዬ ነው» ይላል። ስሙ ያልታወቀ ሰው የሰጠው ከ20 ዶላር በላይ ከሆነ ዘመቻው ሊያስቀረው አይችልም። ፖስታውን ተቀብላችሁ ስሙንና አድራሻውን በፍቅር ጠይቁ፤ እምቢ ካለ በፍቅር መልሱ። በድርጅት ስም የተመዘገበ ምግብ ቤት ቼክ ሊሰጣችሁ አይችልም፤ ለዝግጅታችሁ በነጻ የሚያመጣው ክትፎና እንጀራም እንደ ስጦታ ስለሚቆጠር ያው ክልክል ነው። ዋጋውን ክፈሉ። ባለቤቱ መርዳት ከፈለገ ከራሱ ኪስ፣ በራሱ ስም ይስጥ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መስጠት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን አይችልም።

የስቴቱን የሕዝብ ገንዘብ ድጎማ ለማግኘት የወጪ ጣሪያ ለማክበር መፈረም ያስፈልጋል። ከዚያም ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው 1,500 ዶላር ማሰባሰቡን ያሳያል፤ የሚቆጠረው ግን ከእያንዳንዱ ሰጪ የመጀመሪያው 50 ዶላር ብቻ ነው። ቢያንስ 30 ሰው ማለት ነው፤ ሁሉም በሚኒሶታ መምረጥ የሚችሉ መሆን አለባቸው። ዋሽንግተን ያለው አጎታችሁ 500 ዶላር ቢልክ ለዘመቻው ይጠቅማል፣ ለዚህ ቆጠራ ግን አይገባም። ለእኔ ይህ ሕግ ለመምህር የተሠራ ያህል ነው፤ ሀብታም ዘመድ የሌለን፣ ግን ሃምሳ ሃምሳ የሚሰጡ ወላጆችን የምናውቅ ነን።

የዕጩነት ምዝገባው በሜይ መጨረሻ አካባቢ ለሁለት ሳምንት ይከፈታል፤ ክፍያው 100 ዶላር ነው። የፓርቲ የማጣሪያ ምርጫው በኦገስት ሁለተኛ ማክሰኞ፣ ዋናው በኖቬምበር ነው። ክረምቱ ለእናንተ ዕረፍት መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፤ በር የሚንኳኳው ያኔ ነው።

በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት አንድ የተወካዮች ምክር ቤት ክልል በአማካይ ወደ 42,600 ሰው ይይዛል። ብዙ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በ2024 በሻኮፒ ያለው 54ኤ ክልል በ14 ድምፅ ልዩነት ተወስኗል፤ በዚያው ምርጫ ምክር ቤቱ 67 ለ67 እኩል ወጣ። ስለዚህ እያንዳንዱን በር እንደ ወላጅ ስብሰባ ቁጠሩት። የመምህር ጠባይ ማብራራት ነው፤ በር ላይ ግን መጀመሪያ ጠይቁ፣ ከዚያ ዝም በሉ። «በዚህ ሰፈር ምን ቢስተካከል ደስ ይልዎታል?» ይበቃል። ሰውዬው ስለ ትምህርት ቤት አውቶቡስ መስመር ወይም ስለ ርእሰ መምህር ካማረረ ያ የትምህርት ቦርዱ ሥልጣን መሆኑን በትሕትና ንገሩት፤ በማይሰጣችሁ ሥልጣን ቃል አትግቡ። የምክር ቤቱ ሥልጣን ለምሳሌ ለአንድ ተማሪ የሚመደበው መሠረታዊ ገንዘብ ነው፤ ለ2025 የበጀት ዓመት 7,281 ዶላር ነበር። ይህን ቁጥር በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የቻለ መምህር ሰው ያስታውሰዋል።

አንድ ነገር በጥብቅ እለምናችኋለሁ። የትምህርት ቤቱን ኢሜይል፣ ፎቶኮፒ፣ የወላጆች ስልክ ዝርዝር ለዘመቻ አትንኩ። የተማሪዎችን መረጃ የሚጠብቀው ፌርፓ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ፤ ከሕጉም በላይ ወላጆች ስልካቸውን የሰጡን ልጃቸው ሲታመም እንድንደውል ነው። በምታስተምሩት ዓመት ተማሪያችሁን ለዘመቻ ሥራ አታሰልፉ፣ ራሱ ቢጠይቅም። ውጤቱ በእጃችሁ ስለሆነ «እምቢ» ለማለት ነጻ አይደለም።

መምህርነት ብቻውን ሕግ አያወጣም። ቲም ዋልዝ በማንኬቶ ዌስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር፤ በ2006 ለፌዴራሉ ኮንግረስ፣ በ2018 ለስቴቱ ገዥነት ተመረጠ። በማርች 2023 ለሚኒሶታ ተማሪዎች ነጻ ቁርስና ምሳ የሚሰጠውን ሕግ ሲፈርም ፓርቲው ዲ ኤፍ ኤል ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዞ ነበር፤ ሴኔቱን 34 ለ33፣ በአንድ መቀመጫ ብልጫ። ምሳ ያልበላ ልጅ ምን እንደሚመስል መምህር ሁሉ ያውቃል፤ ያንን ወደ ሕግ የለወጠው ግን በየክልሉ የተሸነፈና ያሸነፈ ሰው ቆጠራ ነው። በዕድሉ ያነሰ ክልል ውስጥ ያላችሁም ተወዳደሩ የምለው ለዚህ ነው።

ካሸነፋችሁ በዚያው ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ጻፉ። አንዱ ለዲስትሪክቱ የሰው ኃይል ክፍል ነው፤ ተተኪ መምህር ከጃንዋሪ በፊት እንዲያገኙ የፈቃዱን ጊዜ በቀን ለይታችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛው ለፓርቲያችሁ የምክር ቤት አመራር ነው፤ የምትፈልጉትን ኮሚቴ ግለጹ። የትምህርት ፖሊሲና የትምህርት ፋይናንስ የተለያዩ ኮሚቴዎች ናቸው። ሁሉም መምህር ፖሊሲውን ይመርጣል። እናንተ ፋይናንሱን ጠይቁ፤ 7,281 የሚለው ቁጥር የሚቀየረው እዚያ ነው።