የተራራ ጉዞ የአደጋ ጊዜ ቦርሳ፦ ልግዛ ወይስ ራሴ ላዘጋጅ?

የእግር ጉዞ ከአዲስ አበባ ሲጀመር አብዛኛውን ጊዜ እንጦጦ ነው። ከዚያ መናገሻ ሱባ፣ ከዚያ ወንጪ። ልብ ሲደፍር ደግሞ ባሌ። ባሌ ሲታሰብ ታዲያ ይህ ጥያቄ ይመጣል፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን "ሰርቫይቫል ኪት" ልግዛ ወይስ ራሴ ላዘጋጅ?

ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያውን አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ አመጣልኝ። ቀይ ቦርሳ ነው፤ ስንት ዕቃ እንደያዘ ላዩ ላይ በትልቁ ተጽፎበታል። ሳልከፍተው ይዤው ወጣሁ። ባሌ ሳነቲ አምባ ላይ የጓደኛዬ ተረከዝ ውሃ ቋጥሮ ሲፈነዳ ያን ጊዜ ከፈትኩት። የዓሣ መንጠቆ አለው። የሽቦ መጋዝ አለው። ተረከዝ የሚሸፍን ፕላስተር ግን የለውም። ጓደኛዬ የቀረውን መንገድ እያነከሰ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ እቤት ሊሠራ የማይችለውን ጥቂት ነገር ግዙ፣ የቀረውን ራሳችሁ ሙሉት።

1. መጀመሪያ የምትሄዱበትን ቦታ አስቡ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። እዚያ ቦታ ላይ ሰውን የሚጎዳው ምንድን ነው? ባሌን እንውሰድ። የሳነቲ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፤ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ የምትፈሩት ብርድን፣ እርጥበትን፣ ከፍታንና መንገድ መሳትን ነው። ረሃብ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ሳይበላ ቀናት ይቆያል፤ ልብሱ ርሶ ነፋስ ላይ ከቆመ ግን በሰዓታት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ ከመኪና መንገድ ስንት ሰዓት እንደምትርቁ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ አስም ወይም ስኳር ያለበት ሰው መኖሩን ጻፉ። የእሱን መድኃኒት ፋብሪካ አያስገባላችሁም።

2. ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ዘርግፋችሁ እዩ

የተዘጋጀው ቦርሳ ጥቅም አለው። ቀላል ነው፣ ዕቃው በአንድ ቦታ ተሰድሯል፣ ጊዜ ለሌለው ሰው መነሻ ይሆናል። ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። እያንዳንዷ ትንሽ ፕላስተር እንደ አንድ ዕቃ ስለምትቆጠር "መቶ ዕቃ" የተባለው ግማሹ ፕላስተር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ዝርዝሩን አንብቡ።

በተለይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው ኮምፓስ ነው። የኮምፓስ መርፌ የሚመዘነው ለሚሸጥበት አገር ነው። ወደ ሰሜን በራቅን ቁጥር የምድር መግነጢስ የመርፌውን የሰሜን ጫፍ ወደ ታች ይስባል። ስለዚህ ፋብሪካው ሚዛን ለመጠበቅ የደቡቡን ጫፍ ያከብደዋል። ኢትዮጵያ ደግሞ መግነጢሱ መርፌውን ወደ ታች የማይስብበት ወገብ አጠገብ ናት። ስለዚህ ለአሜሪካ ወይም ለአውሮፓ የተሠራው መርፌ እዚህ የደቡብ ጫፉ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ሳጥኑን እየነካም ይቆማል። እቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና እንደ ልቡ መዞሩን እዩ። ካልዞረ ከቦርሳው ይውጣ፤ የተሳሳተ ኮምፓስ መያዝ ጭራሽ ካለመያዝ ይብሳል።

ሁለተኛው ደም ማቆሚያ ማሰሪያው ነው። ርካሹ ዓይነት ሲጠብቅ ይሰበራል፤ ሥልጠና የሌለው ሰውም ሊጎዳበት ይችላል። ካልሠለጠናችሁ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ በእጃችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ቶሎ ቶሎ እየገለጣችሁ አትዩት።

3. የሚገዛውን ግዙ

ዝርዝሩ አጭር ነው። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪና ትርፍ ድንጋይ። ድምፁ የሚያስተጋባ ፊሽካ፤ ሦስት ጊዜ መንፋት እርዳታ መጠየቅ ነው፣ ጉሮሮ ሲደክምም ፊሽካ አይደክምም። ከፋርማሲ ደግሞ በጥቅሉ የታሸገ ፋሻና ጎዝ፣ ሰፋ ያለ ጥቅል ፕላስተር፣ ፓራሲታሞል፣ ኦ አር ኤስ፣ የውሃ ማከሚያ እንክብል። ብር የሚመስለው ስስ የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስም ርካሽ ነው፤ ያዙት። እሱ ግን ነፋስን ይከልላል፣ የሰውነትን ሙቀት ይመልሳል እንጂ እርጥብ መሬት ላይ የተኛን ሰው አያድንም። ከሥር የሚነጠፍ ነገር ያስፈልጋል።

4. የቀረውን ከቤት አውጡ

እዚህ ላይ እኛ ሀብታሞች ነን። አያቶቻችን በቅሎ ጭነው ሳምንታት ሲጓዙ ስንቅ ማዘጋጀት ያውቁ ነበር። በሶን የሚያህል የአደጋ ጊዜ ምግብ እኔ አላውቅም። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷል፤ እሳት አይፈልግም። ጨው ጣል አድርጎ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ኩባያ በሶና አንድ ኩባያ ቆሎ በላስቲክ ቋጥሩ። ጭኮ ከተገኘ ደግሞ የተሻለ፤ ቅቤው በብርድ ጊዜ ጉልበት ይሆናል።

ኦ አር ኤስ ካጣችሁ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። ማንኪያው ልክ ይሁን፣ አይቆለል። ስኳሩንና ጨውን እቤት ለክታችሁ በትንሽ ላስቲክ አዘጋጁት።

ውሃ ስታፈሉ ከፍታውን አትርሱ። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ።

ልብስን በተመለከተ የምለው ብዙዎችን ያስከፋ ይሆናል። ጋቢ እወዳለሁ፤ ድንኳን ውስጥ ደረቅ ከሆነ ምንም አይወጣለትም። ግን ጥጥ ነው። አንዴ ከራሰ ሙቀት መስጠቱን ትቶ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። የመንዝ ሰው በርኖስ የሚለብሰው በከንቱ አይደለም፤ ሱፍ ርሶም ያሞቃል። የሱፍ ሹራብ፣ የሱፍ ኮፍያና ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ትልቅ ወፍራም የቆሻሻ ላስቲክም ጨምሩ። ለፊት የሚሆን ቀዳዳ ከተበጀለት ዝናብና ነፋስ የሚከልል መጠለያ ይሆናል፤ ደረቅ ሣር ከተሞላበት ደግሞ ከሥር ይነጠፋል። ፊታችሁን ግን በላስቲክ አትሸፍኑ።

ለእሳት ላይተር፣ በደንብ የሚዘጋ ትንሽ ዕቃ ውስጥ የገባ ክብሪት፣ ቁርጥራጭ ጧፍ። ጧፍ ቀስ ብሎ ስለሚነድ እርጥብ ጭራሮን እንኳ ለማያያዝ ጊዜ ይሰጣል። ባሌ ላይ ግን እባካችሁ የሕይወት ጉዳይ ካልሆነ እሳት አታንድዱ። አስታ የሚባለው የተራራው ቁጥቋጦ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ያ ተራራ በሰደድ እሳት ብዙ ተጎድቷል።

5. ሳትሄዱ ሞክሩት

አንድ ማታ መብራት አጥፉና ቦርሳውን በጨለማ ክፈቱ። ፊሽካውን በእጃችሁ ዳብሳችሁ ታገኙታላችሁ? ጓንት አድርጋችሁ ክብሪቱን ትጭራላችሁ? ፋሻውን አንዴ ጓደኛችሁ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠምጥሙት። ቦርሳው ከአንድ ኪሎ ተኩል ከበለጠ አንድ ነገር ቀንሱ፤ የከበደ ነገር ድንኳን ውስጥ ይረሳል።

ከአዲስ አበባ ስትነሱ የምትመለሱበትን ቀን ለቤተሰብ ንገሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ኔትወርክ ግን ብዙ ቦታ ስለማይኖር ተስፋችሁን እሱ ላይ ብቻ አትጣሉ። ራስ ምታቱ ከባድ ሆኖ ማስታወክ ከተከተለ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ፓራሲታሞል ውጣችሁ ወደ ላይ አትቀጥሉ፤ ውረዱ።

ዲንሾ ላይ ዕቃ የሚጭን ፈረስ ትከራያላችሁ። ፈረሱ በሌላ መንገድ ቀድሞ ሊሄድ ይችላል። ይህችን ቦርሳ ግን አትጫኑት፤ ጀርባችሁ ላይ ትሁን።