የብራንን ታሪክ ለመጻፍ መጀመሪያ ሁለት ዓምድ ክፈቱ

ስለ ብራን፣ ስለ ኖርዌይ የበርገን ከተማ እግር ኳስ ክለብ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ጽሑፍ ላይ “የሴቶቹ ቡድን በ2022 ተመሠረተ” ብዬ ነበር። ይህንኑ ለጎረቤቴ በኩራት ነገርኳቸው። ጡረታ የወጡ የበርገን ሴትዮ ናቸው። ሳቁብኝ። ቡናቸውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡና በፕላስቲክ የተጠቀለለ የጋዜጣ ቁራጭ ይዘው ተመለሱ። 1995 ይላል። ሳንድቪከን፣ የዛሬው የብራን ሴቶች ቡድን፣ የኖርዌይን የሴቶች ዋንጫ በልቷል። “የአንተ የ2022 ሕፃን ይቺ ናት” አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የኖርዌይ ክለብ ታሪክ ልጽፍ ስል ወረቀቱን መሃል ለመሃል በመስመር እከፍለዋለሁ። አንዱ ወገን የወንዶቹ፣ ሌላው የሴቶቹ። ዓመቶቹ ጎን ለጎን እኩል ይወርዳሉ። የወንዶቹን ጽፎ የሴቶቹን መጨረሻ ላይ እንደ ምርቃት መለጠፍ ቀላል ነው። ግን ደስ የሚለው ነገር ሁሉ የሚገኘው ወረቀቱን ወደ ጎን ስታነቡት ነው።

የወንዶቹ ዓምድ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1908 ይጀምራል። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው መስከረም 16 ቀን 1901 ሆነ። ደመራ! ብራን ደግሞ በኖርዌይኛ እሳት፣ ቃጠሎ ማለት ነው። አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ሳልጽፈው አላልፍም። ከዚህ በኋላ ሁሉንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተዉት። አንዱን መልሳችሁ ሌላውን ከረሳችሁ ሰንጠረዡ ድብልቅልቁ ይወጣል።

የሴቶቹ ዓምድ ለረጅም ጊዜ ባዶ ነው። ባዶውን ለመሙላት አትሩጡ፤ ለምን ባዶ እንደሆነ ጻፉ። የኖርዌይ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የሴቶችን እግር ኳስ በይፋ የተቀበለው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። የሴቶች ጥሎ ማለፍ በ1978፣ ሊጉ ደግሞ በ1984 ተጀመረ። ብራን ስታዲየም ግን ከ1919 ጀምሮ ቆሟል። ያንን ሁሉ ዓመት ሜዳው ነበረ፤ ለሴቶች የተከፈተ በር አልነበረም።

ቀጥሎ የስም ጉዳይ። ቡድኑን በጊዜው ስም ጥሩት። “ብራን በ1995 ዋንጫ በላ” ካላችሁ ጎረቤቴ ይስቁባችኋል። ያኔ ሳንድቪከን ነው። በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሲሆንም ሳንድቪከን ነው። ብራን የሆነው ከ2022 ጀምሮ ነው። ስለ ሌላው የኖርዌይ ክለብ ስለ ሮዘንቦርግ የምትጽፉም ያው ነው፤ እስከ 2020 ድረስ የሴቶቹ ቡድን ትሮንድሄምስ ኤርን ይባል ነበር፣ ሰባት የሊግ ዋንጫም በዚያ ስም ወስዷል።

አሁን ወደ ጋዜጣው። የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን በዲጂታል አስቀምጧል፤ ዋና ምንጫችሁ እሱ ነው። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ዛሬ የሴቶች ቡድን “ክቪነር” ይባላል፤ የድሮ ጋዜጣ ግን “ዳመር” ነው የሚለው። እኔ በአዲሱ ቃል ብቻ ስፈልግ ሁለት ምሽት ባከነብኝ። ሁለተኛ፣ “1ኛ ዲቪዚዮን” የሚለው ቃል ይሸውዳል። በ1963 ጋዜጣ ላይ የአገሪቱ ትልቁ ሊግ ማለት ነው፤ ዛሬ ሁለተኛው እርከን ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ብራን በ1963 የታችኛውን ሊግ አሸነፈ ብሎ ይጽፋል። ያ ዋንጫ የሻምፒዮንነት ነው፤ ከ1961–62 ቀጥሎ ሁለተኛው። ሦስተኛው የመጣው በ2007 ነው። አርባ አራት ዓመት! በርገን ስለዚያ ማታ የማያወራ ሰው አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ስለ 1961–62 አንድ ነገር። ኖርዌይ ያኔም ዛሬም በአንድ የፈረንጅ ዓመት ውስጥ፣ ከፀደይ እስከ መኸር ትጫወታለች ብላችሁ አትደምድሙ። ያ ውድድር 16 ቡድን ይዞ ሁለት ዓመት ላይ የተዘረጋ ነበር፤ ማራቶን ይሉታል። ስለዚህ ሰረዙን አትሰርዙት።

በወንዶቹ በኩል የምወደው ዘመን ግን ዋንጫ የበዛበት አይደለም። ከ1979 እስከ 1986 ያለው ነው። ወረዱ፣ ወጡ፣ ወረዱ፣ ወጡ፤ ስምንት ዓመት በተከታታይ፣ አንድም ዓመት ሳይዘሉ። ኖርዌጂያኖች እንዲህ ያለውን ቡድን “ሃይስላግ” ይሉታል፣ የሊፍት ቡድን እንደማለት። ይህን በአንቀጽ አትጻፉት፤ ቀስት ሥሩለት። ታች፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ። አንባቢው ራሱ ይስቃል።

ወደ ጎን ማንበብ ያልኩት የሚገባችሁ 2021 ላይ ስትደርሱ ነው። ጣታችሁን በመስመሩ አስኪዱት። በአንድ በኩል ሳንድቪከን ሻምፒዮን። በሌላ በኩል የብራን ወንዶች በመለያ ጨዋታ ከዬርቭ ጋር 4 ለ 4 ወጥተው፣ በፍጹም ቅጣት ምት 8 ለ 7 ተሸንፈው ወረዱ። አንድ መስመር ዝቅ በሉ፤ 2022። ሴቶቹ በብራን ስም የመጀመሪያ ዓመታቸው ነው። ሊጉንም ጥሎ ማለፉንም ጠራርገው ወሰዱ። ወንዶቹ ሁለተኛው እርከን ላይ ሆነው መመለሻቸውን ይፈልጋሉ። ይህን በሁለት ምዕራፍ ለያይታችሁ ብትጽፉት ማንም አያየውም።

አውሮፓ ላይም እንዲሁ አድርጉ። ወንዶቹ በ1997 በዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከሊቨርፑል ጋር በርገን ላይ 1 ለ 1 ወጡ፣ አንፊልድ ላይ 3 ለ 0 ተሸነፉ። ሴቶቹ በ2024 በቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ባርሴሎናን ገጠሙ፣ በደርሶ መልስ 5 ለ 2 ተሸነፉ። የቱ ይበልጣል የሚለውን ለአንባቢ ተዉለት። የኔን ግምት ከጠየቃችሁኝ፣ በዚያን ጊዜዋ ባርሴሎና ላይ ሁለት ጎል ማግባት ቀላል ሥራ አልነበረም።

ከመለጠፋችሁ በፊት ለአገሩ ሰው አሳዩት። እኔ ሰንጠረዤን ይዤ ወደ ጎረቤቴ ተመለስኩ። አማርኛ አያነቡም፤ ቁጥር ግን ያነባሉ። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች አወረዱት። 1908 እሺ። 1995 ላይ ፈገግ አሉ። የወንዶቹ ዓምድ መጨረሻ ላይ ቆሙ። የቅርቡን የወንዶች ጥሎ ማለፍ ዋንጫ 2023 ብዬ ጽፌው ነበር። ፍጻሜው ሊልስትሮምን አሸንፈው በግንቦት 2023 የተካሄደ ነዋ። ውድድሩ ግን የ2022 ነው፤ ፍጻሜው ነው ወደሚቀጥለው ዓመት የተሻገረው። ምንም አላሉኝም። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አንሥተው 3ን ሰረዙና ከጎኑ 2 ጻፉበት።